ዳኛ ልናስመርጥ የወጣን ዕለት

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ከሁሉ በፊት ጤናዎን ልጠይቅ። ጥቅምት ነውና የደብረ ብርሃን ውርጭ ጉልበትዎን እንዴት አድርጎ ይዞት ይሆን? ዘንድሮም ጠዋት ጠዋት አልነሣ እያለ ያስቸግርዎታል? እኅቴ ቅድስት የላክሁትን ቅባት ታሽልዎታለች ወይስ እንደ አምናው «ለእንግዳ ይቀመጥ» ብለው ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት? ዓይንዎ ከተሠራ ወዲህ ያለ መነጽር ማንበብ መጀመርዎን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ይህንንም ደብዳቤ ማንም ሳያግዝዎ ራስዎ እንዲያነቡት ብዬ ፊደሉን ተለቅ ተለቅ አድርጌ ነው የምጽፈው። የእማዬ ደም ግፊትስ? ጨው መተው እምቢ ብላለች አሉ። እባክዎ ይቆጧት፤ የእርስዎን ቁጣ እንጂ የሐኪም ምክር አትሰማም። እኛ በአካል ደኅና ነን። ባለቤቴ ንዋይ ደኅና ነው፤ ልጄ ማርታም በቁመት እኔን አልፋ ሄዳለች። «በአካል» ያልኩት ግን እንዲያው ለወግ አይደለም።

አባባ፣ ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደሚሉ አውቃለሁ። ስልኩን የምታነሣው እማዬ ናት፤ ስታነሣውም ድምፁን ለቤቱ ሁሉ ከፍታ ነው። እኔ የምነግርዎን ነገር መጀመሪያ እርስዎ ብቻዎን እንዲሰሙት ፈለግሁ። ቶማስ የሚባል የሰፈራችን ልጅ ለሠርጉ አገር ቤት ስለሚገባ፣ እዚያው ድረስ መጥቶ በእጅዎ እንዲሰጥዎ አደራ ብየዋለሁ። ወንበርዎን ወደ ፀሐዩ አውጥተው ብቻዎን ያንብቡት።

ነገሩ ስለ ወንድሜ ስለ ነቢዩ ነው። በሕይወት አለ፤ ጤናውም ደኅና ነው። ለመስቀል ያልደወለው ስልኩ ተበላሽቶ ነው ብዬ ለእማዬ የነገርኳት ግን ውሸት ነው። ነቢዩ ታስሯል። አልሰረቀም፣ ከማንም አልተደባደበም፤ በመኪና ሰው ገጭቶ ነው። የተገጨችውም ሴት በሕይወት አለች። ነገሩን ከሥሩ ላስረዳዎ፤ ከሥሩ ካልነገርኩዎ ጥፋቱ የእሱ ብቻ ይመስልዎታል።

የምንኖርባት ትንሽ ከተማ ከአትላንታ በስተምሥራቅ፣ ከአቮንዴል እስቴትስ አለፍ ብላ ያለች ናት። የራሷ ፍርድ ቤት አላት። እዚያ የሚታየው የትራፊክ ጥፋት፣ የጎረቤት ጠብ፣ እንዲህ ያለው ቀላል ቀላል ነገር ነው፤ እርስዎ በቀበሌያችን ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ሲዳኙት እንደነበረው ማለት ነው። አምና አንዱ ዳኛ ታመው ሥራቸውን ለቀቁ፤ ሌላው ደግሞ ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተዛወሩ። ዘመናቸው ሳያልቅ ሁለት ወንበር ባዶ ስለቀረ ልዩ ምርጫ ተጠራ። አዎ አባባ፣ እዚህ ዳኛም ይመረጣል። ዳኛ ልሁን ያለ ሰው ስሙን በትልቁ አሳትሞ በየደጁ ሣር ላይ ይተክላል፤ በር እያንኳኳም «ምረጡኝ» ይላል። እርስዎን ሰው እጁን አውጥቶ ሲመርጥዎ ከብርድ ልብስ ፋብሪካ የሥራ ልብስዎን እንኳ ሳይቀይሩ መጥተው «ሌላ ሰው ፈልጉ» ሲሉ እንደነበር አስታውሼ፣ መጀመሪያ ሳየው ሳቄ መጥቶ ነበር።

ከተወዳዳሪዎቹ አንዷ ግን የእኛው ልጅ ሆነች። ራኬብ ትባላለች። እናቷ እትዬ መነን በሱዳን በኩል በስደት መጥተው፣ የሆቴል ክፍል እያጸዱ ብቻቸውን ያሳደጓት ልጅ ናት፤ ሕግ ተምራ ጠበቃ ሆናለች። አማርኛዋ ይሰባበራል፣ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» «አንቺ» ትላለች እንጂ ሰው አክባሪ ናት። እሷ ተወዳደረች ሲባል በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ሌላ ወሬ ጠፋ። ታክሲ የሚነዳው፣ ዕቃ የሚያደርሰው፣ ሁሉም አንድ ቀን እዚያ ፍርድ ቤት ቆሟል። አስተርጓሚ አጥቶ የሚሉት ሳይገባው «የስ፣ የስ» ብሎ ያልሠራውን ጥፋት አምኖ የወጣ ስንቱ ነው! ራኬብ፣ «ከተመረጥኩ የሚባለው ሳይገባው የሚፈረድበት ሰው አይኖርም» አለች። እኔም የተነሣሁት ለዚህ ነበር፤ መነሻዬ ክፉ አልነበረም።

እየዋለ ሲያድር ግን ነገሩ ጣመኝ። እኔ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምነዳ ሴት ነኝ፤ የምጭናቸው ልጆች እንኳ ስሜን አስተካክለው አይጠሩትም። አሁን ግን በየሄድኩበት «አፀደ ምን አለች?» ይባል ጀመር። እትዬ መነን «ጄኔራሌ» ይሉኝ ጀመር። ልዩ ምርጫ ስለሆነ አብዛኛው ሰው መኖሩንም አያውቅ፤ የሚወጣው ጥቂት ነው። ስለዚህ አረጋውያንን ከየቤታቸው ለቅሞ የሚያመጣ ያሸንፋል ብዬ ሥራውን ሁሉ በራሴ ላይ ጫንኩት። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ስለ አመራረጡ ሳስረዳ፣ ጋሽ ገሠሠ የሚባሉ አባት እጃቸውን አውጥተው «ሁለተኛውስ ወንበር? እዚያ ላይ ያሉት ሰዎች እነማን ናቸው?» አሉኝ። እኔ ስለ ሰዎቹ አንድም ነገር አላነበብኩም ነበር። «እነሱ ለእኛ ምን ይፈይዱልናል ጋሼ፣ ከላይ ያለውን ስም ይንኩትና ይውጡ» አልኳቸው። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከላይ የነበረው ስም ሃርግሮቭ የሚል ነበር።

ነቢዩን የሚያውቁት ነው፤ ዝምተኛ፣ የራሱን ሥራ ሠርቶ የሚገባ ልጅ። ገና ዜጋ ስላልሆነ መምረጥ አይችልም። ለምርጫው ቀን አረጋውያኑን በመኪናው እንዲያመላልስልኝ ስጠይቀው፣ «እታለም፣ እኔ በማልመርጠው ምርጫ ምን ጥልቅ አደረገኝ? ደግሞም ሥራ አለኝ» አለኝ። «ዴይ ኦፍ ውሰድ» አልኩት። ዝም ሲለኝ ተናደድኩና «እዚህ አገር ያመጣሁህ እኮ እኔ ነኝ» አልኩት። አባባ፣ ይህን ቃል ከዚያ በፊት ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ነቢዩ ቀና ብሎ አየኝና «እሺ» አለ።

የምርጫው ዕለት ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ዋለ። መጋቢት ነበር። ነቢዩ ከጠዋት ጀምሮ ምሳ እንኳ ሳይበላ አዛውንቶቹን ሲያመላልስ ዋለ፤ እኔ የልጆቹን ጉዞ ጨርሼ ምርጫ ጣቢያው በር ላይ ጃንጥላ ይዤ ቆሜያለሁ። ሊዘጋ ሲቃረብ የቀሩት ጋሽ ገሠሠ ብቻ ነበሩ። ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ቤታቸው ደጃፍ ላይ እየጠበቁ ነው ብላ ልጃቸው ደወለችልኝ። ነቢዩ ጋ ደወልኩ፤ አላነሣም። ደግሜ ደወልኩ፤ አላነሣም። እየነዳ መሆኑን አውቃለሁ። እኔ ራሴ አውቶቡስ ስነዳ ስልኬን አጥፍቼ ቦርሳዬ ውስጥ የማስቀምጥ ሰው ነኝ። ለእሱ ግን «የት ደረስክ? ሊዘጋ ነው! ምን ሆነህ ነው የማታነሣው?» ብዬ ጻፍኩለት። ስልኩ ሲበራ ዓይኑን ወደ እሱ መለሰ።

በዚያች ቅጽበት ሚስ ሎሬታ የምትባል ሴት መንገድ እያቋረጠች ነበር። መብራቱ የእሷ ነበር፤ የምትሻገርበትም ቦታ ለእግረኛ የተሠመረው ነው፤ ምንም አላጠፋችም። እሷም ከምርጫው መመለሷ ነበር፤ ለመረጠ ሰው የሚሰጡት የኮክ ፍሬ የተሣለበት ተለጣፊ ወረቀት ኮቷ ላይ እንደነበረ ነቢዩ ነግሮኛል። ዳሌዋና አንድ እግሯ ተሰበረ። ነቢዩ አልሸሸም። ጃኬቱን አውልቆ ደረበላት፤ አምቡላንስ እስኪመጣም ዝናቡ ላይ ተንበርክኮ እጇን ይዞ ቆየ።

እኔ ግን ያን ጊዜ እዚያ በር ላይ ቆሜ «ይህ ልጅ አዋረደኝ» እያልኩ እናደድ ነበር። ራኬብ ማሸነፏ ሲነገር ከእነ እትዬ መነን ጋር እልል ስል ንዋይ ክንዴን ይዞ ወደ ውጭ አወጣኝና ነገረኝ። መጀመሪያ የጠየቅሁት «እሱ ተጎዳ?» ብዬ ነው። ቀጥዬ «ፖሊሶቹ ምን አሉ?» አልኩ። የተገጨችው ሰው እንዴት ሆነች ብዬ የጠየቅሁ አይመስለኝም። የራኬብን ደስታ እንዳላደፈርስ ብዬ ለእሷም ለእናቷም ያን ምሽት አልነገርኳቸውም፤ በማግሥቱም አልነገርኳቸውም። እያደር ዝምታው ቀለለኝ። ራኬብ ያሸነፈችው ደግሞ በሰፊ ልዩነት ነበር፤ የጋሽ ገሠሠ ድምፅ ኖረም ቀረም ለውጥ አልነበረውም።

ክሱ በከተማችን ፍርድ ቤት ተከፈተና ክረምቱን ሙሉ ሲንከባለል ከረመ። ነቢዩ ሚስ ሎሬታን ልጠይቃት ብሎ ደጋግሞ ለመነኝ። የተመደበለት ጠበቃ ክሱ እስኪያልቅ እንዳትደርሱባት ስላለን «ተከልክለናል» እያልኩ መለስኩት። መከልከሉ እውነት ነው። ክልከላውን ግን እኔ ወድጄዋለሁ፤ ፊቷን ከማየት አዳነኝ።

ኋላ ጠበቃው ጉዳዩን የምታየው ራኬብ መሆኗን ሲነግረን ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ፈጣሪን አመሰገንኩ። ንዋይ ግን ፊቱ አልፈታ አለ። «አፀደ፣ እባክሽ ዝም በዪ። ማንም ጋ እንዳትሄጂ። ነገሩ በራሱ መንገድ ይሂድ» አለኝ። እኔ በሳምንቱ እትዬ መነን ቤት ሄድኩ። ከሻይ በኋላ ሁሉንም ነገርኳቸውና «ልጅዎ ወንድሜን በምሕረት ዓይን ታየው ዘንድ አንድ ቃል ይናገሩልኝ» አልኳቸው። ሴትዮዋ ፊታቸው ተለዋወጠ፤ እምቢ ማለት ግን ከበዳቸውና «እነግራታለሁ» አሉኝ።

አባባ፣ የእማዬ ወንድም በአጥር ክርክር ተከሶ እርስዎ ዘንድ ሊቀርብ ሲል እኛ ቤት የመጣበትን ቀን አልረሳሁትም። ምሳ አበሉት፣ ስለ ልጆቹ ጠየቁት፣ የክርክሩን ነገር ሊያነሣ ሲል ተነሥተው እስከ በር ሸኙት። እማዬ ለሳምንት አኮረፈችዎ። ያን ያየሁ ልጅ ነኝ። እንግዲህ ባላውቅ ነው አልልም።

በማግሥቱ ራኬብ ደወለችልኝ። «እትዬ አፀደ፣ እማ ነገረችኝ» አለች። «ፋይሉን ገና አላነበብኩትም ነበር። ወንድምሽ መሆኑን ሳይ ለሁለቱም ወገን እናገር ነበር፤ ምናልባት ሁለቱም ‹ይሁን፣ አንቺው ያዢው› ይሉኝ ነበር። አሁን ግን ጠይቃችሁኛል። ከተጠየቅሁ በኋላ ኬሱን መያዝ አልችልም። አይ አም ሶሪ።» አንደበቴን ማሠር አቃተኝ። «ዝናብ ላይ ቆመን ያስመረጥንሽ ለዚህ ነው? እሱስ የገጨው ለአንቺ ብሎ ሲሮጥ አይደል እንዴ?» አልኳት። «ለኔ ሲነዳ እንደሆነ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?» አለች። ድምፅዋ ተሰባብሮ ነበር። ስልኩን ዘጋሁባት። ይባስ ብዬም «ከተሾመች በኋላ ካደችን» ብዬ ለሁለት ሦስት ሴቶች አወራሁ። ወሬ እንደሚያውቁት ነው፤ በሁለተኛው እሑድ ቤተ ክርስቲያኑን አዳረሰው።

ክሱ ወደ ሁለተኛው ዳኛ ዞረ፤ ወደ ሃርግሮቭ። ጠበቃው ይህን ሲሰማ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሰውየው በቅስቀሳው ጊዜ በየአዳራሹ «ስልክ እያየ የሚነዳን እኔ በገንዘብ ብቻ አልለቀውም» እያለ ሲናገር የከረመ ነው። ተደብቆ የነበረ ነገር አይደለም፤ በበራሪ ወረቀቱ ላይ በትልቁ ተጽፎ ነበር። ያን ሁሉ አዛውንት «ከላይ ያለውን ስም ይንኩት» ብዬ ሰድጄ እኔው ነኝ ያስመረጥኩት። ለወንድሜ ዳኛ እየመረጥኩለት መሆኔን ማን አወቀ።

ቀጠሮው እንቁጣጣሽ ባለፈ በሳምንቱ ነበር። ነቢዩ የንዋይን ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሶ ትከሻው ላይ ሰፍቶት ቆመ። አጠገቡ አማርኛ አስተርጓሚ ነበረች፤ ራኬብ ቃሏን ጠብቃ ለፍርድ ቤቱ ያስመደበቻት። ሚስ ሎሬታ በብረት መደገፊያ እየታገዘች፣ አንድ አንድ እርምጃ እያለች ገባች። ፀጉር ሠሪ ናት። ዳኛው ተናገሪ ሲላት እንዲህ አለች፤ «ዕድሜዬን ሙሉ ቆሜ ነው የሠራሁት። አሁን የአንድ ሰው ፀጉር እስክጨርስ እንኳ መቆም አልችልም። ልጁ እጄን ይዞኝ እንደነበረ አስታውሳለሁ፤ ያን አልክድም። ከዚያ ወዲያ ግን ሞተች ዳነች ብሎ የጠየቀኝ ከእነዚህ ሰዎች አንድም የለም።» ይህን ስትል ዘወር ብላ እኛ የተቀመጥንበትን አግዳሚ አየች። አባባ፣ በእኛ አገር ሰው የገደለ እንኳ ሽማግሌ ይልካል። እኔ የተጎዳ ሰው መኖሩን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው ብል ከእውነት አይርቅም።

ዳኛው ነቢዩን ለምን ስልኩን እንዳየ ጠየቀው። «በራ፣ አየሁት። ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ማን ነበር የሚደውልልህ?» ሲለው፣ «ማንም ይሁን፣ መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለ። ዳኛው ጥቂት አየውና ወደ እኛ ቀና ብሎ «ከቤተሰቡ መናገር የሚፈልግ አለ?» አለ።

አልተነሣሁም። አውቶቡሱን ይነጥቁኛል ብዬ ፈራሁ። የራኬብን ስም አነሣለሁ፣ ጋዜጣ ላይ ይወጣል ብዬም አሰብኩ። እነዚህን ምክንያቶች ያገኘኋቸው ግን ኋላ ቤቴ ገብቼ ነው መሰለኝ፤ ያን ጊዜ የነበረኝ እፍረት ብቻ ነው። ነቢዩ ዘወር ብሎ አየኝና ራሱን በትንሹ ነቀነቀ። ተቀመጪ ማለቱ ነው። እኔም ታዘዝኩት። በሕይወቴ ለነቢዩ የታዘዝኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሁለት ወር እስር ፈረደበት፤ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት በክትትል እንዲቆይ፣ መንጃ ፈቃዱም እንዲታገድ። «አልሸሸህም፣ ጃኬትህን አልብሰሃታል፣ ይህን ባላይልህ ኖሮ ይረዝም ነበር» አለው። ላማርረው ፈልጌ ነበር፤ ግን የተናገረው ሁሉ ልክ ነበር። ራኬብ ብታየው ኖሮስ ብዬ ጠበቃውን ስጠይቀው፣ «ምናልባት እስሩ ይቀርለት ነበር፤ ምናልባት» አለኝ። ግሪን ካርዱን እንደማይነካበት አረጋግጦልናል፤ ስለዚህ በኩል አያስቡ። ነቢዩ ሰዓቱንና ቀበቶውን አውልቆ ለንዋይ ሰጠው፤ ለእኔ «ማርታን ሳሚልኝ» አለኝና በጎን በኩል ባለው በር ይዘውት ገቡ።

ፍርዱ ካለቀ በኋላ፣ እሷ ከፈቀደች መሄድ እንደምችል ጠበቃው ነገረኝ። የሚስ ሎሬታ ልጅ «ትምጣ ብላለች» ስትለኝ ዳቦ ጋግሬ ሄድኩ። ሚስ ሎሬታ ራሷ ከፈተችልኝ። ዳቦውን አይታ «ዳቦ አይደለም የቸገረኝ» አለች። በር ላይ እንደቆምኩ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ የደወልኩት እኔ ነኝ አልኳት። ደጋግሜ የደወልኩት፣ የጻፍኩትም እኔ ነኝ፤ ዳኛው ሲጠይቅ መነሣት ነበረብኝ፣ አልተነሣሁም አልኳት። «ልትነግሪኝ መምጣትሽን ልጁ ያውቃል?» አለችኝ። አያውቅም አልኳት። «ስለዚህ እሱ ሸፈነሽ፣ አንቺም ተሸፈንሽ» አለች።

ቀጥላ «ሐሙስ ሐሙስ እግሬን የሚያሹኝ ቦታ ሮዝዌል ድረስ እሄዳለሁ። ልጄ ሥራ ላይ ናት፤ የሚያደርሰኝ የለም። መንዳት ትችያለሽ?» አለችኝ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ነኝ ስላት ሳቀች፤ ደስ የሚል ሳቅ ግን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ልጆቹን ካደረስኩ በኋላ እወስዳታለሁ፤ ከሰዓት ልጆቹ ከመውጣታቸው በፊት እመልሳታለሁ። የምትቀመጠው ከኋላ ነው። በመጀመሪያው ሐሙስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። በሁለተኛው ስለ ነቢዩ ጠየቀችኝ፤ ምን ይበላል፣ እናት አባቱ አሉ ወይ አለችኝ። ስለ እናንተ ነገርኳት። በሌላው ጊዜ እኔ ደፍሬ ያን ዕለት ማንን እንደመረጠች ጠየቅኋት። «የናንተን ልጅ መረጥኩ፤ ሃርግሮቭንም መረጥኩ። ስለ አራቱም ሰዎች አንብቤ ነው የመረጥኩት» አለችኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኋትም።

ራኬብን ገና ይቅርታ አልጠየቅሁም። ቤተ ክርስቲያን ስታየኝ እንደ ድሮው ጎንበስ ብላ ትስመኛለች፤ ዓይኗን ማየት ያቃተኝ እኔ ነኝ። እትዬ መነን ግን «ጄኔራሌ» ማለቱን ትተዋል። በዘራሁት ወሬ ምክንያት ሰላምታ የነፈጓት ሰዎች አሉ። በመጪው እሑድ አዳራሹ ውስጥ ቆሜ፣ ልጅቷ የሠራችው ትክክል ነው፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ ልላቸው አስቤያለሁ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሉ የለ፤ ምን ያህሉን እንደምመልሰው አላውቅም፣ አፌም ይታዘዝልኝ እንደሆነ እንጃ።

ነቢዩን ቅዳሜ ቅዳሜ በእስር ቤቱ ቪዲዮ አየዋለሁ። ከስቷል፤ ግን ይስቃል። ለእርስዎ ልጽፍ መሆኔን ስነግረው «የስልኩን ነገር ግን ተዪው» አለኝ። እጽፈዋለሁ አልኩት። «ለምን? እኔ ወጣት ነኝ፣ አባባ ይረሳልኛል። አንቺን ግን በሌላ ዓይን እንዲያይሽ አልፈልግም» አለኝ። አባባ፣ ይህን ሲለኝ ምን እንደተሰማኝ መጻፍ አልችልም። ያመጣሁህ እኔ ነኝ ያልኩት ልጅ ነው።

እንግዲህ ልለምንዎ። ለእማዬ ይንገሯት፤ እኔ በስልክ ብነግራት አትችለውም። የሚመቸውን ሰዓትና ቃል እርስዎ ያውቁታል። ለእኔ ሲደውሉ ግን «አይዞሽ» አይበሉኝ። ይቆጡኝ። ከዚህ ሁሉ ሰው ደጋግሞ የሚቆጣኝ ባገኝ ይሻለኝ ነበር፤ ሁሉም ዝም ብሎ ነው የሚያየኝ።

ነቢዩ ለኅዳር ሚካኤል ከቤቱ ይሆናል። ሚስ ሎሬታ ባለፈው ሐሙስ ከመኪናው ስትወርድ «ሲወጣ አምጪው፤ ቆሜ ልየው» ብላኛለች። ቤት ሳይገባ በቀጥታ እወስደዋለሁ። ምን እንደምትለው አላውቅም፤ እሱም ምን እንደሚላት አያውቅም። ያን ዕለት የደወልኩት ግን እኔ ነኝና፣ ከፊቱ ቀድሜ በሯን የማንኳኳው እኔ ነኝ።

የእማዬን ሁለቱንም ጉንጮች ይሳሙልኝ፤ ጨው ተዪም ይበሉልኝ። ለቅድስትና ለባለቤቷ ለሕዝቅያስ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ትንሿ ልጃቸው ማሂ ጥርሷ ወለቀ አሉ፤ አዲሱ ሳይበቅል ፎቶ ትላክልኝ። ጎረቤታችንን ጋሽ ሰብሐትን፣ ከሕመማቸው ተሽሏቸው እንደሆነ፣ ሰላም ይበሉልኝ፤ ስለ ነቢዩ ቢጠይቁም አይደብቋቸው። ንዋይ እጅ ይነሣል፤ ማርታ «ለአያቴ» ብላ በራሷ እጅ ከታች ስሟን በአማርኛ ጽፋለች፤ አንዱ ፊደል የተገለበጠው የእሷ ነው።

ልጅዎ አፀደ

አትላንታ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.